ለመንፈሷ የተዋስነው ለቅሶ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ፕሮዲውሰር እንኳ ስሰድብ መንፈስ ከፊቴ አቁሜ ነው። ሌላው ሰው ሲናደድ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ስልክ ጆሮ ላይ ይዘጋል፤ እኔ ቤቴ ገብቼ አስፈሪ ፊልም እጽፋለሁ። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ የሰደብኩት ሰውዬ ቢሮ ድረስ ሄጄ፣ "እባክህ ይህችን ፊልም ሥራልኝ" ብዬ ለመንኩት። ጉድ እኮ ነው፣ ሠራት!

እስከዚያ ድረስ ስምንት የፍቅር ኮሜዲ ጽፌ ነበር። ስምንት አልኩ እንጂ አንድ ነው፤ ስምንት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ሀብታሟ ልጅ ድሃ መስላ ትመጣለች፣ ድሃው ልጅ ሀብታም መስሎ ይጠብቃታል፣ አንድ ወፍራም ጓደኛ መሐል ገብቶ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ ነው። ቤቱ እንኳ አይለወጥም። ቦሌ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ለቀረጻ የሚከራይ አንድ ቪላ አለ፤ ደረጃው ጠመዝማዛ ነው። በፊልም ያያችሁት ሀብታም አባት በሙሉ እየተቆጣ የሚወርደው በዚያ ደረጃ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ደረጃ ከማናችንም በላይ ብዙ ፊልም ሠርቷል።

ማዘርን ያወቅኋቸውም እዚያው ደረጃ ሥር ነው። ማዘር የምንላቸው ሃምሳ ምናምን ዓመት የሆናቸው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ሥራቸው ማልቀስ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሰው ከሞተ፣ ከታሰረ ወይም ከአገር ከወጣ ይደወልላቸዋል፤ "ማዘር፣ ነገ ሁለት ሰዓት፣ ለቅሶ" ተብሎ ስልኩ ይዘጋል። በማግስቱ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከነሐዘናቸው ከች ይላሉ። ፕሮዲውሰሮች የሚወዷቸውም ለዚህ ነው፤ ልብስ አይጠይቁም፣ ሜካፕ አይጠይቁም። "አክሽን" ሲባል እንባው ዱብ ይላል፤ "ካት" ሲባል እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን አንዱ ዳይሬክተር ረቀቅኩ ብሎ፣ "ማዘር፣ በግራ ዓይን ብቻ ማልቀስ ይቻላል?" ቢላቸው፣ "የቱ ግራ? ያንተ ነው የኔ?" አሉት። ቀልዳቸውን አልነበረም፤ ሥራቸውን ለመጀመር ነው የጠየቁት።

እንዲህ ሆነው ግን ማንም አያውቃቸውም። ሁልጊዜ ከዋናዋ ተዋናይ ኋላ ነው የሚቀመጡት፤ ካሜራው እሷን ጥርት አድርጎ እሳቸውን ያደበዝዛቸዋል። ከተደበዘዘውም ኤዲተሩ ግማሹን ይቆርጠዋል። መጨረሻ ላይ የስም ዝርዝር ሲያልፍ "እና ሌሎችም" ይላል አይደል? እሳቸው ናቸው።

አንድ ክረምት ላምበረት አውቶቡስ ተራ አካባቢ ቀረጻ ነበረን። እናት ልጇን የምትሸኝበት ትዕይንት ነው። ማዘር አስራ አንድ ጊዜ አለቀሱ፤ አስሩን ጊዜ የአውቶቡስ ረዳቶች "ወልዲያ! ደሴ!" እያሉ ገብተው አበላሹት። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም ተሯሩጠን ስንጠለል እኔና እሳቸው አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ላስቲክ ሥር ተገኘን።

"ማዘር፣ ሲያለቅሱ ማንን አስበው ነው?" አልኳቸው። የደራሲ ጥያቄ መሆኑ ነው።

"ማንንም። የሞቱብኝን ካሰብኩማ ማን ያቆመኛል? ዘይት አልቋል፣ ሽሮ አልቋል፣ የጋዙ ሲሊንደር ሊያልቅ ነው፣ እያልኩ ነው የማለቅሰው።"

ከዚያ የጎረቤቶቻቸውን ነገር ነገሩኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰሞን ነው። የብሎኩ ሴቶች አዲሷ ጎረቤታቸው በሳምንት ሦስት ቀን በጠዋት በጥቁር ቀሚስና በተዘቀዘቀ ነጠላ ስትወጣ ያያሉ። እንዴት ያለ መዓት ነው ይህቺን ሴት የያዛት፣ በሳምንት ሦስት ሰው የሚሞትባት? ተመካከሩና የእድራቸውን ሰብሳቢ አስቀድመው፣ ቴርሞስና ዳቦ ይዘው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ለቅሶ ደረሱ። "እግዜር ያጥናዎት። ማን ነው ያረፈብዎት?" አሏቸው። ማዘር በሐፍረት ተሸማቅቀው "ማንም አልሞተም፣ ለፊልም ነው" አሉ።

"እኛ እኮ የአማርኛ ፊልም አያመልጠንም" አለች አንዷ። "አንድም ቀን አይተንዎት አናውቅም።"

ማዘር ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፊልም ከፈቱላቸው፤ ከተዋናይዋ ጀርባ ጠቁመው "ይሄ ትከሻ የኔ ነው" አሉ። ሴቶቹ ትከሻውን አዩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። "እሺ እትዬ፣ አይዞዎት" ብለው ዳቦውን ትተው ወረዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ሰላም የሚሏቸው፣ ሐዘን አእምሮውን የነካው ሰው እንደሚያነጋግሩ።

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ማዘርም ትንሽ ሳቁና፣ "ትከሻ ሰው አያምንም" አሉኝ። "ስም ቢሆን ያነባሉ። አንድ ፊልም ላይ ስሜ ከነአባቴ ቢወጣ ሰብስቤ ወስጄ አሳያቸው ነበር። እብድ አለመሆኔን ይወቁልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አንጀቴን በሉት። ዝናቡም ነው መሰለኝ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ "ማዘር፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ። ዋና ገጸ ባሕርይ! ስምዎ ከላይ ይሆናል!" አልኳቸው። ማንም እንዳስገደደኝ አይደለም። በገዛ አፌ ነው የተናገርኩት።

እንዳልኩትም ጻፍኩ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ የፊልም ቡድን ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው ቪላ ውስጥ አሳዛኝ ፊልም ይቀርጻል። ለማልቀስ የተጠራች አንዲት ሴት እያለቀሰች ሳለ ልቧ ቀጥ ይላል፣ እዚያው ትሞታለች። ማንም አያስተውልም። ዳይሬክተሩ "ካት! በጣም ጥሩ! አንድ ጊዜ እንድገመው!" ይላል። ሴትየዋ አትነሳም። "ማዘር ገጸ ባሕርይዋ ውስጥ ገብታለች፣ አትረብሿት" ተብሎ ሁሉም ምሳ ይወጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ የቀረጹት ድምፅ ውስጥ ሁሉ፣ የፍቅር ትዕይንት ይሁን የቀልድ፣ ከሥር ለቅሶ ይሰማል። ለቅሶውን ከማጥፋት ይልቅ አሪፍ ነው ብለው በቆንጆዋ ተዋናይ አፍ ላይ ይለጥፉታል። የሟቿ መንፈስም ተነስታ "እንድገመው" ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ትወስደዋለች።

ላዩን ሲያዩት አስፈሪ ነው። ውስጡ ግን ሙድ ነው የያዝኩባቸው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ፕሮዲውሰር የሚናገረውን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የኔው ፕሮዲውሰር በቴሌግራም የላከልኝን የድምፅ መልእክት ከፍቼ እየሰማሁ ነው የገለበጥኩት። "ፊልም ማለት ቤት ማለት ነው፤ እንግዳ ሲገባ የሚያየው ሳሎኑን ነው፣ ጓዳውን ማን ያያል?" ብሎኝ ነበር፣ ታሪኩ አይያያዝም ስለው። ነጥብ ሳልቀንስ አስገባሁት። ሁልጊዜ አብረውት የሚሠሩትን ዳይሬክተርና ቆንጆ ተዋናይም እንደዚሁ። እያንዳንዷን ስጽፍ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ፕሮዲውሰሩ ፊልም ከመጀመሩ በፊት የሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ አስመጪ ነበር፤ አሁንም ነው። ቢሮው ኦሎምፒያ ነው፤ ታች መሸጫው፣ ላይ የኪነ ጥበብ ክፍሉ። ስክሪፕት አያነብም፣ "ንገረኝ" ነው የሚለው። እንግዳ ስለበዛበት ታች፣ ለማሳያ በተቀመጠ አንድ ትልቅ ጃኩዚ ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ታሪኩን ነገርኩት። የገዛ ራሱ ንግግር ላይ ስደርስ ፈጠን ፈጠን አድርጌ አለፍኩት። እሱ ግን እየሳቀ ጉልበቱን መታ።

"ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ!"

"ማ... ማን ነው?" አልኩ፣ ወደ በሩ እያየሁ።

ሁለት ሕንፃ አልፎ ያለ ሌላ ፕሮዲውሰር ስም ጠራ። "ቃል በቃል እሱ ነው! ኢንዱስትሪውን የገደለው እኮ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው፣ አይደለም እንዴ?"

"ልክ ነህ" አልኩት።

ዳይሬክተሩም ሲያነብ በደስታ ዘለለ። "ይሄ ደደብ ዳይሬክተር" የሚጠላው የሥራ ባልደረባው ነበር አሉ። ተዋናይዋም በስክሪፕቱ ውስጥ ያለችውን ቆንጆ ወዲያው አወቀቻት፤ ባለፈው ዓመት ሽልማት የወሰደችባት ናት። ሦስቱም እየተጠቃቀሱ፣ "አሳየሃቸው!" እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። አንድም ሰው ራሱን አላየም። ደብቄ የሰደብኩት ስድብ በጣም ስለተደበቀ ተሰዳቢዎቹ ምሳ ጋበዙኝ።

ከዚያ ማሻሻያ መጣ። ጃኩዚው መግባት አለበት ተባለ፤ መንፈሷ ከጃኩዚ ውስጥ ትነሳለች። "ሰው ከፈራ በኋላ ደስ ብሎት መውጣት አለበት" ተባለና መጨረሻው ላይ ሠርግ ተጨመረ። እሺ አልኩ፤ ሠርግ እንደሆነ ለምጃለሁ። ቀጥሎ ግን፣ "መንፈሷን ማን ይጫወታት?" የሚለው መጣ።

"የተጻፈችው ለማዘር ነው" አልኩ።

"ማዘር ማን ናት?" አለ ፕሮዲውሰሩ። በስድስት ፊልሙ ላይ አልቅሰውለታል።

"የሚያለቅሱት።"

"እህ! ታልቅስ፣ ማን ከለከላት? መንፈሷ ግን፣ መንፈስም ብትሆን ታምራ እንጂ! ሰው ቲኬት ቆርጦ አሮጊት ሊያይ ነው?"

እዚህ ጋ ነበር ጠረጴዛ መደብደብ። እኔ ግን የጃኩዚውን ጠርዝ ነካ ነካ አድርጌ "እሺ" አልኩ።

ሚናው ለዚያችው ተዋናይ፣ ለቆንጆዋ ተሰጠ። በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን እናቷን አስከትላ መጣች፤ እናቲቱ በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ በፊልምም ቢሆን አትሞትም! ምን ሟርት ነው!" አሉ። ልጅቷም ደገፈቻቸው። "ሞቼ የተጋደምኩበትን ፎቶ ቲክቶክ ላይ 'አረፈች' ብለው ይለቁታል፤ አክስቶቼ ክፍለ ሀገር ድንኳን ይጥላሉ። ከዚህ በፊት በፊልም ሳገባ እውነት መስሏቸው ስልክ ሲያጨናንቁኝ ከርመዋል።" ዳይሬክተሩ ግማሽ ቀን ተደራደረና ልጅቷ ራሷን እንድትስት እንጂ እንዳትሞት ተስማሙ። ስለዚህ የኛ ፊልም ያልሞተች መንፈስ ያለችበት ሆነ። ሰው ፈጅታ ስትጨርስ የምታገባውም ለዚሁ ነው፤ በሕይወት ስላለች።

ዋናው ችግር ግን ማልቀሷ ነበር። የተለጠፈው ሽፋሽፍት ይነሳብኛል ብላ ፈራች። የዓይን ጠብታ አደረጉላት፣ እንባው ወረደ፤ ድምፁ ግን ወይ ፍንክች! ስታለቅስ የምታስነጥስ ድመት ነው የምትመስለው። ሁለት ቀን ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ግንባሩን መታ መታ አደረገና፣ "ለምን በማዘር ለቅሶ አንተካውም?" አለ። "ፊቱ የሷ፣ ድምፁ የማዘር። ስቱዲዮ አስገብተን እንቀዳቸዋለን።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "ስማ እንጂ" አልኩት፣ "ይሄ እኮ እስክሪፕቱ ላይ አለ። የአልቃሿን ድምፅ በቆንጆዋ አፍ ላይ የሚለጥፉት፣ በዚያ ኃጢአት አይደል እንዴ መንፈሷ የምትፈጃቸው?"

ዳይሬክተሩ ትንሽ አሰበ። "አሪፍ ነዋ!" አለ። "ከጽሑፉ ሳንወጣ እየሄድን ነው ማለት ነው።"

"ማን ይጠይቃቸው?" ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። "አንተን ያምኑሃል" አሉኝ። በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ አራብሳ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ሳንኳኳ ማዘር ፈገግ ብለው ከፈቱልኝ፤ ቀረጻ የተጀመረ መሆኑን ሰምተው ጥሪ ሲጠብቁ ነበር። ጥቁሯ ቀሚስ ተተኩሳ በሩ ኋላ ተሰቅላለች። ነገሩን ስነግራቸው አላቋረጡኝም።

"መልኬ አይታይም ማለት ነው?"

"አይታይም ማዘር።"

"ትከሻዬም?"

"ትከሻዎም።"

ዞረው የተሰቀለችውን ቀሚስ እጅጌ አቃኑ። ከታች የልጆች ኳስ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል። "ለጎረቤቶቼ ነግሬያቸዋለሁ እኮ" አሉ ቆይተው። "ዋናዋ እኔ ነኝ፣ ደራሲው በአፉ ነግሮኛል ብዬ።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ስሜስ?"

"ስምዎማ ይወጣል!" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ለቅሶው የእርስዎ መሆኑ ይጻፋል። እኔ ራሴ አስጽፈዋለሁ። እናቴ ትሙት!"

"እናትህን ምን አድርጋህ ነው የምትገድላት?" አሉ። "ብቻ አትርሳ።"

ስቱዲዮው ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ተለጥፎ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ማዘር ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ድምፅ ቀጂው "ማዘር፣ ድምፅ ብቻ እኮ ነው" ሲላቸው፣ "ድምፄ ቀይ ለብሼ አይወጣም" አሉት። ማይክራፎኑ ፊት አቆምናቸው። ስክሪኑ ላይ ቆንጆዋ ከጃኩዚ እየተነሳች አፏን ትከፍታለች፤ ማዘር አፏን እያዩ ለቅሶውን ያስገቡበታል። ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ ሲያለቅሱ ሰምቻቸዋለሁ፤ ያን ቀን ያለቀሱት ግን የዘይትና የሽሮ አልነበረም። ድምፅ ቀጂው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን አዞረ። 

"ካት!" አለ ዳይሬክተሩ። "በጣም ጥሩ! አንድ ጊዜ እንድገመው!"

ማዘር በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ወደኔ አዩና ፍርፍር ብለው ሳቁ። ዳይሬክተሩ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። ውሃ ልስጣቸው ብዬ ገባሁ።

"ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ" አሉኝ። "ያስፈራል አሉኝ፤ እኔ ግን ሳቅሁ። ፕሮዲውሰሩ አለ፣ ይሄ ሰውዬህም አለ፣ ያቺ ቆንጆም አለች። ላምበረት የነገርኩህንም የጎረቤቶቼን ነገር አገኘሁት፤ ሳትቀንስ ነው ያስገባኸው።"

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከስንት ሰው መሐል አንድ የነቃልኝ ተገኘ! "እርስዎ ብቻ ነዎት የገባዎት ማዘር!" አልኩ። ሳታስፈቅደኝ ታሪኬን ወሰድክ እያሉኝ ሊሆን እንደሚችል እንኳ ትዝ አላለኝም።

"አንድ ሰው ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ" አሉ።

"ማንን?"

"ደራሲውን። ፊልም ሲሠራ ደራሲ የለም እንዴ? ወይስ እሱ ደህና ሰው ስለሆነ ነው መንፈሷ ያልፈለገችው?"

ሳቅሁ። ጥሩ ቀልድ ነው አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ለስንቱ ጓደኛዬ ካፌ ቁጭ ብዬ እያስመሰልኩ ነግሬዋለሁ። እሳቸው ውሃቸውን ጠጥተው ሊደግሙት ወደ ማይክራፎኑ ተመለሱ።

ፊልሙ ሊያልቅ አካባቢ ኤዲተሩ መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር በቴሌግራም ላከልኝ። ከፈትኩት። ድርሰት የሚለው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከጄኔሬተር በታች! መጀመሪያ ምግብ አቅራቢው፣ ከዚያ ጄኔሬተር ያከራየው፣ ከዚያ እኔ። ቆሽቴ አረረ። ሌላው ሰው ሲናደድ የሚደበድበውን ጠረጴዛ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ደበደብኩት። ለኤዲተሩ ደወልኩ፣ ለዳይሬክተሩ ደወልኩ፣ ፕሮዲውሰሩ ቢሮ ሄጄ ስለ ደራሲ ክብር፣ ጽሑፍ ከሌለ ፊልም እንደሌለ፣ በሠለጠነ አገር እንዴት እንደሚደረግ ተናገርኩ። በሁለት ቀኔ አሸነፍኩ። ስሜ ከላይ፣ ብቻውን፣ በትልቁ ተጻፈ። ኤዲተሩ "በቃ? ሌላ የሚስተካከል አለ?" ብሎ ጻፈልኝ። "የለም ወንድሜ፣ አሁን ልክ ሆነ፣ ልቀቀው" አልኩት።

ምረቃው እሁድ ከቀኑ በአስር ሰዓት፣ ቦሌ ካሉት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ነበር። ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የፕሮዲውሰሩ አዲስ የእጅ መታጠቢያ መግቢያው ላይ ተደርድሮ እንግዳ ይቀበላል። ማዘር መጡ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም፤ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል። ኋላቸው ከአራብሳ ያመጧቸው ዘጠኝ ሴቶች ነጫጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከትለዋል። እኔን ሲያዩ፣ "ይኸውላችሁ ደራሲው" ብለው አስተዋወቁኝ። ዘጠኙንም ጨበጥኩ። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው መሰለኝ፣ አንዷ እጄን ሳይለቁ፣ "እውነትም እሳቸው ናቸው የሚሠሩት?" አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ። "እንዴታ! ያዩታል እኮ!" አልኳቸው።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰዉ ገና ከመጀመሪያው ሳቀ። መንፈሷ ከጃኩዚው ስትነሳ ከኋላ አንዱ "ፎጣ አቀብሏት!" ብሎ ጮኸና አዳራሹ ፈረሰ። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ያ ሁሉ ሳቅ ቀጥ አለ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አፏን በእጇ ያዘች፤ ባሏ ፈንዲሻውን አስቀመጠ። "ወይኔ፣ ይህቺ ልጅ ስታለቅስ!" አለች አንዷ። "እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳላት ማን ያውቅ ነበር?" ሁለት ረድፍ ኋላ ዞር ብዬ ማዘርን አየኋቸው። ከግራና ከቀኝ ላሉት ጎረቤቶቻቸው፣ "ድምፁ የኔ ነው፤ ቆይ፣ መጨረሻ ላይ ይጽፉታል" ይሏቸዋል።

በሠርጉ ሰዉ እልል አለ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ መብራት በራ። የስም ዝርዝሩ ገና መውጣት ሲጀምር አዳራሹ ቆንጆዋን ከቦ ሰልፊ ለመነሳት ወደ በሩ ተግተለተለ። ከወንበራቸው ያልተነሱት አስር ሴቶች ብቻ ናቸው። ማዘር ቆሙ። ስልካቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ወደ ስክሪኑ አነጣጠሩ።

የኔ ስም መጣ፤ ብቻውን፣ በትልቁ። ልኮራ ስል እነዚያን ከፍ ያሉ እጆች አየሁና ትዝ አለኝ።

ሳስበው የሚገርመኝ ነገር ይህ ነው፤ ማንም አልከለከለኝም። ፕሮዲውሰሩ "ስሟ አይውጣ" ቢለኝ ኖሮ ዛሬ እሱን እየረገምኩ ደህና እተኛ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ዝርዝሩን ሁለት ቀን ሙሉ እጄ ላይ ይዤው፣ ኤዲተሩ ሌላ የሚስተካከል አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ ረሳኋቸው። በቃ፣ ረሳኋቸው።

ስሞቹ አለፉ። ካሜራ፣ መብራት፣ ሜካፕ፣ ምግብ አቅራቢው፣ ጄኔሬተሩ። የሹፌሮቹ ስም ከነአባታቸው አለፈ። የማዘር እጅ ዝቅ አላለም። መጨረሻ ላይ የሴራሚክ መሸጫው አድራሻ ወጣና ስክሪኑ ጠቆረ።

"ቶሎ ቶሎ ስለሚያልፍ ነው እኮ፣ አምልጦን ይሆናል" አለች አንዷ ጎረቤት፣ ደግ ሴት። ሌሎቹም "አዎ፣ አምልጦን ነው" አሉ፣ በዚያ ዝቅ ባለው ድምፃቸው። ማዘር ስልካቸውን አወረዱ።

ወደሳቸው ሄድኩ።  "ማዘር... እኔ..." አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አጣሁ። ዘጠኝ ፊልም የጻፍኩ ሰው! ቢቆጡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ ደስ ባለኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ እንባ የለበትም።

"ጎልቶ ነው የወጣው" አሉኝ።

"ምኑ ማዘር?"

"ስምህ ነዋ። ይኸው አንስቼልሃለሁ። በቴሌግራም ልላክልህ?"

መልሴን አልጠበቁም። ጎረቤቶቻቸውን ይዘው በጎን በር ወጡ፤ እኔ እዚያው ወንበሮቹ መሐል እንደቆምኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ፎቶው ጥርት ብሎ ነው የተነሳው፤ እጃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ከሥሩ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ" ይላል።